የትራክተሩ ቀንድ

ባለፈው ጥቅምት ከከተማ አንድ መምህር መጥቶ ነበር። ተረትና ምሳሌ ሰብሳቢ ነኝ አለ። ጥቁር ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ የአያ ደግፌ የልጅ ልጅ ቤት ገባ። ዛሬ በአገራችን በሰንበሌጥ ሜዳ ሰው ሁሉ በየስብሰባው፣ በየሽምግልናው፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሳይቀር የሚጠቅሳትን ያችን አባባል «መነሻዋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያ የልጅ ልጅ ነገሩ በሆነ ጊዜ ጡት እንኳ አልጣለም ነበር። ግን ምን ቸገረው፤ «ከጥንት አባቶች የወረደች ናት» ብሎ አስጻፈ። መምህሩም ጻፈ፤ በግ ታረደለት፤ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ሄደ።

እኔ ከዚያ ቤት የምርቀው በሁለት አጥር ነው። ደጄን ቀና ብሎ አላየም። «እዚያስ ማን አለ?» ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ፤ «አንዲት አረቄ የምታወጣ አሮጊት ናት፤ ፊደል አልቆጠረችም» አሉት፤ አለፈ።

የምን ጥንት? የምን አባቶች? አባባሏን መጀመሪያ በአፋቸው ያወጧት አያ ደግፌ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ይህን አልክድም። ቃሉ የበሰለው ግን በማን ማሰሮ እንደሆነ እዚያ የነበረ ያውቃል። እዚያ ከነበሩት ደግሞ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ያፍራል። የማላፍር እኔ ብቻ ስለሆንኩ እኔ ልናገር።

ትራክተሩ የመጣው የእርሻ ማኅበራችን በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት፣ በግንቦት ነው። ትልቅ እንዳይመስላችሁ። ከደለበ ሠንጋ ብዙም አይበልጥም፤ ቀይ ነው፣ የኋላ ጎማዎቹ ትልልቅ፣ የፊቶቹ ትንንሽ፤ የተቀመጠ ውሻ ይመስላል። እኔ ባሌ ከሞተ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የቀሩኝን ሁለት በሬዎች፣ ቡሬንና ዳልቻን፣ ሸጬ የማኅበሩን ድርሻ የከፈልኩት ጓንጉል አሳምኖኝ ነው። ጓንጉል የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ አንገቱን ሲያዞር ትከሻው አብሮ የሚዞር ሰው።

«እትዬ ይታክቱ፣ በሬ ይታመማል፣ በሬ ይሰረቃል፣ በሬ ድርቆሽ ይጨርሳል። ይህ ግን ብረት ነው። ብረት ምን ይሆናል?» አለኝ።

ብረት ምን እንደሚሆን ስለማላውቅ አመንኩት።

እንግዲህ የዚያ ዓመት ኑሮዬ በዚያ ብረት እጅ ወደቀ። ያለችኝ ሁለት ጥማድ መሬት ናት። ሐምሌ ሳይጋመስ ካልታረሰች ጤፍ አልዘራባትም። ጤፍ ካልዘራሁ ደግሞ መሬቴን ለእኩል አራሽ መስጠት ነው፤ ለእኩል የሰጠች ባልቴት መሬቷን መልሳ ስታገኝ ገና አላየሁም። እኩል አራሹም ማን መሰላችሁ? ውቤ ነው፤ የጓንጉል አማች፤ በአገሩ በሬዎቹን ያልሸጠ አንድ ሰው ቢኖር እሱ። ውቤ በአጥሬ ሥር ሲያልፍ «እንዴት ዋልሽ እትዬ» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ሰላምታ የሚሰጠው ለማሳዬ ነበር።

አሁን ስለ ቀንዱ ልንገራችሁ። በእኛ በሰንበሌጥ ሜዳ አዲስ በሬ ቤት ሲገባ ቀንዱ ይቀባል። ሰምና ቅቤ አብረው ይቀልጣሉ፤ የቀንዱ ጫፍ በጥጥ ፈትል ይጠቀለልና ሰሙ ይፈስበታል። ቀንዱ እንዳይሰነጠቅ ነው የሚል አለ፤ ዓይን እንዳይበላው ነው የሚልም አለ። በሬ ታሞ ሲነሳም እንደገና ይቀባል፤ ምርቃቱ ታደሰ ይባላል። እኔም ለቡሬ፣ ለዳልቻም አድርጌዋለሁ፤ በበሬ ላይ ጉዳት የለውም።

ትራክተሩ ከመኪና ላይ የወረደ ዕለት ጓንጉል ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሰምና ቅቤውን በጣባ ይዞ፣ በሕዝብ መሐል ብቅ አለ። «ይህም በሬያችን ነው፤ እንደ በሬ ይገባል» አለ። ወደ ትራክተሩ ግንባር ቀረበ። ቆመ። በግራ ዞረ፣ በቀኝ ዞረ። ሰሙ በጣባው ውስጥ መርጋት ጀመረ።

«ቀንዱስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጎዳ ነው መሰለኝ፤ ቀንድ የለውም» አለ ሌላው።

«ጎዳ በሬ ገዝተን ነዋ!»

ጓንጉል በሰው ፊት «አላውቅም» ከሚል ጉድጓድ ቢገባ ይመርጣል። ጎንበስ አለና ከሁለቱ የፊት ጎማዎች መሐል፣ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ከያዘው ወፍራም የፊት ዘንግ ላይ፣ እንደ ጣት ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽዬ ብረት አገኘ። ጫፏ ላይ ቆብ ደፍታለች።

«ይኸውላችሁ!» አለ ቀና ብሎ። «ቀንዱ ይህ ነው። ፈረንጅ አሳንሶ ነው የሚሠራው፤ ሰው እንዳይወጋ።»

የሳቀ አልነበረም። እንዲያውም «ዕውቀት እኮ ነው!» ያለም ነበር። ጓንጉል ያችን ጣት የምታህል ብረት ከእነቆቧ በፈትል ጠቀለላት፤ ሰምና ቅቤውን አፈሰሰባት፤ እስኪረጋ በመዳፉ አፍኖ ያዛት። የአገሩ ሽማግሌ አያ ደግፌ መረቁ። ሴቶች እልል አልን። እኔም እልል ብያለሁ፤ ያውም ረጅሙ እልልታ የእኔ ነበር። ሌላውን ልዘልፍ ተነስቼ የራሴን አልደብቅም።

ሦስት ቀን አረሰ፤ እሰይ የሚያሰኝ አስተራረስ። በሦስተኛው ቀን ከግራው የፊት ጎማ ከውስጥ በኩል ርጥበት ታየ። ሹፌሩ ለጓንጉል አሳየው።

«ላቡ ነው» አለ ጓንጉል። «ሲሠራ የዋለ ነገር ቢያልበው ምን ይገርማል?»

በማግሥቱ ላቡ ጎማውን አልፎ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ። በጣቴ ነካሁት፤ ያሙለጨልጫል፤ ዘይት ነው። ትራክተሩ ቆመ። መካኒክ ይጠራ ተባለ።

መካኒኩ ቢራራ ይባላል፤ የከተማ ልጅ ነው፤ ጎልማሳ፣ እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ። ሙያ የለውም አልልም፤ ሰውየው እጅ አለው። ክሪኩን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ትራክተሩን ብድግ አደረገ። ጎማውን ፈታ፤ ብሎኖቹን እንዳይጠፉበት በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ከውስጥ አንድ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቆ አወጣ። እነሱ ኦይል ሲል ይሉታል። የሚሽከረከረውን ብረት አንገቱ ላይ አቅፎ ይዞ ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይፈስ የሚያግድ ነው።

«ጥፋተኛው ይኸው!» ብሎ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥሎ አሳየን።

አዲሱን ቀለበት በዘይት አራሰና በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ፣ ቀስ እያደረገ፣ አንዱ ጎን ከሌላው ሳይቀድም አስገባው። ደስ አለኝ፤ ምርግ የሚመርግ ሰው እጅ ነበር የሚመስለው። ሲጨርስ ደግሞ፣ ለስሙ ይሁን ለልማዱ እንጃ፣ ትራክተሩን በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጠረገው። የተለጠፈበትን ጭቃ፣ ገለባ፣ ሰም፣ ቅቤ፣ ፈትል፣ ምኑንም ሳይመርጥ ፍቆ ጣለ። ሞተሩን አስነስቶ እስኪመሽ አስኬደው። ጠብ አላለም።

ቢራራ ሄደ። ጓንጉል ጣባውን ይዞ መጣ።

«በሬ ታሞ ሲነሳ ምርቃቱ ይታደሳል» አለና እንደገና ጠቀለላት፤ እንደገና አፈሰሰባት።

ሁለት ቀን ቆየ። ላቡ ጀመረው።

ቢራራ ሁለተኛ ጊዜ መጣ። «የባለፈው ቀለበት ማስመሰያ ነበር፤ ዋናው ይህ ነው» አለ። ፈታ፣ ቀየረ፣ ጠረገ፣ አስነሳ፤ ደረቀ። ሄደ። ጓንጉልም «የባለፈው ቅብ ስስ ነበር» አለና ፈትሉን ሦስት ዙር አድርጎ፣ ሰሙንም ጨምሮ አፈሰሰ። አንዱ ያድናል፣ አንዱ ይመርቃል፣ ብረቱ ያለቅሳል። ሰኔ እንዲህ እያለ አለቀ። ዝናቡ ገባ፤ መሬቴ ግን ካለፈው ዓመት ገለባው ጋር እንደተጋደመ ነው። ውቤ አሁን ሲያልፍ ሰላምታውንም ትቶታል፤ ቆም ብሎ በእርምጃ ይለካ ጀመር።

ከዚያ ጥፋተኛ ለመፈለግ ስብሰባ ተጠራ። ለመላ ሲጠሩት ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ ለጥፋተኛ ሲጠሩት ሮጦ መጣ። መጀመሪያ ሹፌሩን ያዙ፤ «እግሩ ከባድ ነው» አሉ። ሹፌሩ እግሩን አውጥቶ አሳያቸው፤ የከሳ እግር ነው፤ ተውት። ቀጥሎ መንገዱን አሙ። ድንጋይ አይመልስም፤ እሱም ሰለቻቸው። ይሄኔ ውቤ ከጥግ ተነስቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣

«ዓይንም እኮ አለ» አለ።

ወንዱም ሴቱም ወደ እኔ ዞረ። አረቄ ታወጣለች፣ ጭስ ውስጥ ትውላለች፣ ዓይኗ ቀይ ነው። ሠላሳ ዓመት እሳት ያራገበ ዓይን ምን ይሁንላቸው? አረንጓዴ?

«እትዬ ይታክቱ» አለ ጓንጉል፣ ድምፁን እንደ ለቅሶ ቤት አድርጎ፣ «አንቺን ጠርጥረን አይደለም። ለጥንቃቄ ያህል ነው። ትራክተሩ ካለበት ራቅ በይ። ተራሽም ወደ መጨረሻ ይሂድ።»

«መጨረሻው መቼ ነው?»

«ሁሉም ሲያልቅ።»

«ሁሉም ሲያልቅ እኮ ሐምሌም ያልቃል።»

«እንግዲህ ያኔ ውቤ አለልሽ፤ ዘመድ ነው።»

«የማን ዘመድ?» አልኩት።

ሳል መጣበት። ሌላ ቃል ልጨምር ብነሳ «ሰዓት የለንም፤ ተቀመጪ» አለ። ተቀመጥኩ። ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ተቀመጪ ሲለኝ ተቀመጥኩ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐምሌ በገባ በስምንተኛው ቀን ዝናቡ ፋታ ሰጠ። ቢራራ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ጓንጉል «ዛሬ እስኪመሽ አይተህ ነው የምትሄድ!» ብሎ አስቀረው። ትራክተሩ የቆመው ከእኔ ማሳ ቀጥሎ ባለው ማሳ ላይ ነው። ራቂ የተባልኩት ከትራክተሩ ነው፤ ከገዛ መሬቴ ራቂ ያለኝ የለም። ስለዚህ የጀመርኩትን የሰፌድ ስፌት ከእነወስፌው ይዤ ወጣሁና ድንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከዚያ ብረት አላነሳሁም። ዓይኔ ይበላል ካሉ፣ ይብላ!

ጠዋት ቀለበቱ ተቀየረ። ትራክተሩ ተጠረገ። ሁለት ሰዓት ያህል አረሰ፤ ጎማው እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው። ምሳ ደረሰና ቢራራ ጓንጉል ቤት ሊበላ ሄደ። ጓንጉል ቶሎ ጎርሶ ተመለሰ፤ ጣባው በእጁ ነው። ጠቀለለ፣ አፈሰሰ፣ በመዳፉ አፈነ። ትራክተሩ እንደገና ወደ እርሻው ገባ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጎማው ረጠበ። አሥር ሰዓት ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ።

ከድርቀቱ እስከ ርጥበቱ መሐል ከጣባው በቀር የተጨመረ ነገር አላየሁም። ቆይ፣ አልኩ ለራሴ። ወስፌዬን ሰፌዱ ላይ ሰክቼ አሰብኩ።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ አማቴ ቤት የመጀመሪያ አረቄዬን ያወጣሁ ቀን ትዝ አለኝ። አረቄ ስታወጡ ማሰሮውን እሳት ላይ ትጥዳላችሁ፤ ክዳኑን በጭቃ ትመርጋላችሁ፤ እንፋሎቱ በመቃ በኩል አድርጎ ወደ መቀበያው ይሄዳል። ያን ቀን ምርጌ ተሰነጠቀና በጎን ያፈስ ጀመር። መረግሁት፤ ተሰነጠቀ። ጭቃው ነው ብዬ የኩሬ ጭቃ አመጣሁ፤ ተሰነጠቀ። የኩይሳ አፈር አቦካሁ፤ ተሰነጠቀ። ላልቅስ ስል አማቴ መጣች። ጭቃውን አልነካችውም። መቃውን መዘዘችና በአንድ ዓይኗ ወደ ሰማይ አየችበት፤ ጌሾ ተወትፎበታል። «ጭቃውን አትርገሚው ልጄ፤ መውጫ ያጣ ነገር የት ይሂድ?» አለችኝ።

ብድግ አልኩ። ድንበሩን ተሻገርኩ። ማሳው ዳር የቆመው ሰው፣ ሃያ ያህል ይሆናል፣ ለበሬ መንገድ እንደሚለቅ ለሁለት ተከፈለልኝ።

«እትዬ! ምን ተባብለን ነበር?» አለ ጓንጉል።

«አንተ አልክ እንጂ እኔ ምን አልኩ» ብዬው ወደ መካኒኩ ዞርኩ። «ቢራራ፣ ና እስቲ እዚህ።»

«እማማ፣ እባክዎ ራቅ ይበሉ።»

«ለማሽኑ ፈርተህ ነው ወይስ ለራስህ?»

«ለሁለታችንም» አለ፤ ውሸታም አይደለም።

«ያች እንደ ጣት የቆመች ነገር ምንድን ናት?»

ጓንጉል ቀደመው። «ቀንዱ ናት! ስንት ጊዜ ይነገርሽ!»

«ምኑ?» አለ ቢራራ።

«አንተን አልጠየቅሁም፤ ጓንጉል» አልኩ። «ቢራራ፣ ይህን ብረት በእጅህ ዳብሰው። ይተኩሳል?»

«እማማ፣ ይህ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው። የሚያፈሰው በጎማው በኩል ነው፣ እርስዎ የሚያሳዩኝ ላይኛውን ነው። ማሽን ነው እኮ፤ ማሰሮ አይደለም።»

«ማሰሮ ቢሆንማ አንተን ማን ይጠራህ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። አያ ደግፌ ሳይቀሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቢራራ እያፈረ እጁን ዘንጉ ላይ አደረገ።

«ይተኩሳል» አለ።

«ውስጡ ዘይት አለ?»

«አለ።»

«ከዘይቱስ በላይ?»

«አየር ነዋ።»

«የጋለ አየር ይነፋል አይነፋም?»

«ይነፋል...» አለ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«ሲነፋ በየት ይውጣ?»

 የቢራራ ዓይን ቆብ ወደ ደፋችው ብረት ሄደ። ከብረቷ ወደ ጓንጉል ጣባ ሄደ። ከጣባው ደግሞ ሦስት ጊዜ ፈቶ ወደ ገጠመው ጎማ ሄደ። ፊቱ ላይ የመጣውን ላብ እኔ ራሴ ልጠርግለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ይህችን ስንት ጊዜ ነው የጠቀለላችኋት?» አለ።

«ትራክተሩ በተፈወሰ ቁጥር» አለ ጓንጉል ደረቱን ነፍቶ። «አንድም ቀን አላስታጎልኩም።»

«እኔ እኮ ጭቃ መስሎኝ ነው የምጠርገው! ጌታዬ፣ ይህ መተንፈሻው ነው!»

«ምን ይተነፍሳል? ብረት ነው!»

ቢራራ ካቻቢቴውን ይዞ ጎንበስ ቢል ጓንጉል መሐል ገባና ጋቢውን ዘርግቶ ከለከለው። «ምርቃት በካቻቢቴ አይነካም! አያ ደግፌ የመረቁትን ነው የምታፈርሰው!» እያለ ሲያምባርቅ ጀርባውን ለእኔ ሰጠ፤ ፊቱን እንጂ ጎኑን አልጠበቀም። በክንዱ ሥር ጎንበስ ብዬ ወስፌዬን ሰሙ ውስጥ ሰካሁት፤ አዙሬ መዘዝኩት።

ፍሽሽሽሽ አለ።

የታፈነ ሁሉ ወጣ። ከሙቀቱ ላልቶ የነበረው ሰም ከእነፈትሉ፣ ከእነቅቤው ተፈናጥሮ፣ ወደ ድምፁ በዞረው በጓንጉል ጋቢ ላይ፣ ልክ ደረቱ ላይ ተለጠፈ። ትራክተሩ እንደ ደከመ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣና ዝም አለ።  ከዚያ አንዷ ሴት ሳታስበው እልል አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቢራራ ቀሪውን ሰም ፍቆ አጸዳ። የቆቧን ሥር በሽቦ ነካክቶ ከፈተ። ጎማውን በጨርቅ አደረቀና ሹፌሩን «አስነሳ» አለው። ሹፌሩ አስነስቶ ማሳውን አሥር ጊዜ ተመላለሰበት። ቢራራ በእያንዳንዱ ዙር ጎማው ሥር ነጭ ወረቀት እያነጠፈ ያያል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ቀለበቶቹ ምንም አልበደሉ» አለ በመጨረሻ፣ ለሰው ሳይሆን ለራሱ። «ሦስቱንም ያለ ጥፋታቸው ጣልኳቸው።» ከዚያ ወደ እኔ መጣና ግራሶ ያለበትን እጁን ለመጨበጥ ዘረጋ። ጨበጥኩት። የእኔም እጅ ከጥላሸት ጸድቶ አያውቅም።

ጓንጉል ግን ሌላ ሐሳብ ይዞት ነበር። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ቅቤ በጥፍሩ እየፋቀ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ሰዉን ሰብሰብ አደረገ።

«ስሙኝ» አለ። «ይህ ወሬ ከዚህ ማሳ አይወጣም። በሚመጣው ሳምንት ከወረዳ እንግዳ አለብን። ቀንድ ምናምን የሚባል ነገር ከተሰማ ማኅበሩ የአገር መሳቂያ ነው የሚሆነው። የመለዋወጫ ችግር ነበር፣ በአመራሩ ጥረት ተፈትቷል፤ በቃ። አፉን የከፈተ ተራውን ያጣል!»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። ተራውን ማን ማጣት ይፈልጋል? ጓንጉልም ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን አለሰለሰ።

«እትዬ፣ አንቺም ነገሩን ዋጥ አድርጊው። ማሳሽ አሁኑኑ ይታረሳል። በዚሁ እንጨርስ።»

አየሁ። ሹፌሩ ትእዛዝ ሳይጠብቅ መሪውን ወደ እኔ መሬት አዙሯል። የፊት ጎማዎቹ ድንበሬን ረግጠዋል። ውቤ ከሰው ኋላ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። አንጀቴ «እሺ በይ፣ ጤፍሽን ዝሪ፣ ምን ቸገረሽ» አለኝ። እውነቴን ነው፤ አለኝ። ነገር ግን ዛሬ ዝም ብዬ ባሳርስ፣ ለከርሞ አንዲት ላም ወተቷ በነጠፈ ጊዜ፣ የአንዱን ልጅ ባተኮሰው ጊዜ፣ ይህ ሰው ሁሉ እንደገና ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ።

«ማሳዬ ይታረሳል» አልኩት። «በበሬዎቼ የገዛሁት ተራ ነው፤ በአንተ ችሮታ አይደለም። ቀጥሎ ግን አንተ፣ ጓንጉል፣ ቅቤህን ሳትጠርግ፣ እንደቆምክ፣ ይህ ሰው ሁሉ እየሰማህ፣ ውቤም እየሰማህ፣ ትራክተሩን ያሳመመው የይታክቱ ዓይን ሳይሆን የጓንጉል ጣባ ነው በል። እሑድም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትደግመዋለህ። ለወረዳው እንግዳ ደግሞ ከፈለግህ አንተ ንገረው፤ ካልፈለግህ እኔ እነግረዋለሁ። በል፣ ተናገር!»

«ባልናገርስ?» አለ፤ አንገቱም ትከሻውም አብረው ወደ እኔ ዞሩ። «ሁሉንም ዝም ባሰኝስ?»

አያ ደግፌ ከዘራቸውን እየተደገፉ በመሐላችን ገቡ። ዘይት ሲያፈስ የከረመውን የግራ ጎማ በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ የጓንጉልን የተበላሸ ጋቢ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጓንጉል፣ ልጄ፣ እሺ በላት» አሉት፤ «ብረትም ሆነ ሰው፣ መተንፈሻ የነሱት በጎኑ ያለቅሳል።»